ሁለት ዓይን ያለው ቦምብ

አማቴ አለቃ ወልደ ሩፋኤል «ምናልባት» ሲሉ የሰማቸው ሰው በላስታ ምድር የለም። ስለ ዝናብ ሲጠየቁ መልሳቸው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» ነው፤ ያሉት ሳይሆን ቢቀር ጥፋቱ የዝናቡ ነው። ሥዕላቸውን አይቶ «ግሩም ነው» ላላቸው ሰው «አውቃለሁ» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ሙሉዬ፣ የልጃቸው የደባሱ ሚስት፣ እስኪያርፉ ድረስ አንድ ግቢ አብሬያቸው ኖሬአለሁና የሌላቸውን ትሕትና ጨምሬ አላወራላቸውም። ቢሰሙኝ የሚቆጡት ራሳቸው ናቸው።

ሥራቸው ሥዕል ነበር። ቤታቸው ላሊበላ ከተማ ይሁን እንጂ የሚሠሩት በአብዛኛው ገጠር ነው፤ በሙጃ በኩል፣ ከነአኩቶ ለአብም ወዲያ ማዶ ባሉት የሣር ክዳን አብያተ ክርስቲያናት። አቡጀዲውን በሙጫ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ ጥቁሩን ከጥቀርሻ ይበጠብጣሉ፣ ከዚያ በቃ እዚያው ይከርማሉ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሥዕላቸው ሥር ቆሞ ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከጥንት የመጣ ነው። ደግ ሰው ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ደግሞ በጎናቸው ይዞሩና አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ይህን የላስታ ሰው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ ይማረዋል። ሁለት ዓይን ያለውን ይሳለማል፤ ባለ አንድ ዓይኑን አልፎት ይሄዳል።

አለቃ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። አንድ ባለጸጋ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሠርቶ፣ እንደ ወጉ የእሱም መልክ ከእመቤታችን እግር ሥር እንዲሳልለት ጠየቀ። ሰውዬው የጎረቤቱን መሬት ገፍቶ ይዟል እየተባለ ይታማ ነበር። አለቃ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ «በአንድ ዓይን ልሳልህ ወይስ ድንበሩን ትመልሳለህ?» አሉት። ሰውዬው ሳምንት ሙሉ ሲያኮርፍ ሰንብቶ ድንበሩን መለሰ። ሥዕሉ ዛሬም አለ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጥጠው ይታያሉ። «ሁለት ዓይን መስጠት መመስከር ነው፤ እኔ የሐሰት ምስክር አይደለሁም» ይሉ ነበር።

እኔና ደባሱ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለዳግማይ ትንሣኤ ልንጋባ ቀን ተቆርጦልን ነበር። ቤታችን አጠገብ ለአጠገብ ነው፤ የአባቴን ግቢና የእነሱን ግቢ የሚለየው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። የታጨች ልጅ ወደ አማቷ ቤት ዝር አትልም፤ ካብ ላይ ተደግፋ መስማትን ግን የከለከለ የለም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን የሰማሁት እንዲያ ሆኜ ነው።

ጾሙ ከገባ ጀምሮ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መያዝ ተጀመረ። ደባሱም ከገበያ ሲመለስ ተያዘና የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት። ከሱ በፊት ተይዘው ወደ ሰሜን የሄዱት አንዳቸውም ገና አልተመለሱም። እናቱ እመት ባንችይርጋ በየቀኑ መጋዘኑ ደጅ ምሳ ይዘው ሲመላለሱ ዓይናቸው አብጦ አየዋለሁ፤ እኔ ግን ገና ሚስቱ ስላልሆንኩ ማልቀስ እንኳ በድብቅ ነበር።

በዚሁ መሐል ጓድ አረጋ ወደ አለቃ ቤት መጣ። አረጋ የወረዳው ካድሬ ነው። የሙጃ ልጅ፣ ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ ክፉ የማይባል፣ ግን የበላዮቹን እንደ ጅብ የሚፈራ ሰው። አንቱ አልለውም፤ ባሌን ያሰረብኝ እሱ ነው።

«አለቃ፣ ቦምብ ይሳሉልኛል» አለ ገና ደጃፉ መደብ ላይ ከመቀመጡ።

«ምን አደረገ?» አሉ አለቃ። የሚስሉት ማንም ይሁን ማን መጀመሪያ የሚጠይቁት ሥራውን ነው።

አረጋ ነገሩን አስረዳ። ደሴ ያሉት አለቆች በየወረዳው ሕዝቡ የኒውክሌር መሣሪያን ተቃውሞ ለሰላም እንዲሰለፍ አዘዋል። እሱም ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ሰብስቦ ቢያስተምር ግማሹ አንቀላፋ፣ ግማሹ ስለ ማዳበሪያ ጠየቀው። ስለዚህ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ በጃፓን አገር የሆነውን ነገራቸው፤ አንድ ቦምብ በአንድ ጠዋት አንድ ከተማ እንዳጠፋ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ጠፍቶ ጥላው ብቻ ድንጋዩ ላይ እንደቀረ፣ የተረፈውም ሰው ቆዳው እየተላጠ እንደሞተ።

«ሕፃናትም?»

«ሕፃናትም።»

አለቃ «እንዲህ ያለው ዛሬ ማን ማን እጅ አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አምስት ታላላቅ መንግሥታት አላቸው። ሌላው እንዳይሠራ ውል አለ፤ እኛም ፈርመናል፣ ያውም በንጉሡ ጊዜ።»

«እኛማ የሌለንን ላለመሥራት ፈረምን። ያላቸውስ?»

«እነሱ ደግሞ በሂደት ይቀንሳሉ፣ በኋላም ጨርሰው ይተዋሉ ነው የሚለው ውሉ።»

«ቀንሰዋል?»

«እስካሁንማ... ጨምረዋል» አለ አረጋ። ይህን በማለቱ ሰውዬውን ትንሽ ወደድኩት።

«ላም አለኝ በሰማይ ነዋ!» አሉ አለቃ። «በል አሳየኝ መልኩን።»

አረጋ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ የመጽሔት ገጽ አወጣ። አለቃ ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። «ይህማ ቧንቧ ነው። ቧንቧ ማንን ያስፈራል? የጥንት ሠዓሊዎች ሞትን ሲስሉ እኮ ፊት ሰጥተውታል።» በማግስቱ ከሰል አንስተው አቡጀዲ ላይ ነደፉት። ሽቅብ የቆመ፣ በጎኑ የዞረ፣ አንዲት ዓይኑን ያፈጠጠ፣ ጥርሱ ገጥጦ ከጥርሱ መሐል የሕፃን እግር የሚታይ ቦምብ። በካቡ ላይ ሆኜ ሳየው እኔ ራሴ አማተብኩ። አረጋም መጥቶ አየውና ደስ ብሎት ሄደ።

ይሄኔ ነገሩ ቢያልቅ እኔም የማወራው ባልኖረኝ። በሦስተኛው ቀን አረጋ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ስለ ንድፉ የበላዮቹ ሰምተው ሌላ ቦምብ በቀኝ በኩል ይጨመር ብለዋል። የግራው የአሜሪካ ነው፤ የቀኙ የሶቪየት ኅብረት ይሆናል፤ የሰላም ዘብ ነው።

«ስለዚህ» አለ አረጋ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሱ በሁለት ዓይን ይሳል።»

አረጋ ራሱ የላስታ ልጅ ነው፤ የሚጠይቀውን ያውቃል። አለቃ ሳቁ።

«ሥራው ምንድን ነው? ሲተኮስ ሕፃን ለይቶ ያልፋል?»

«አይተኮስም እኮ አለቃ። ሶቪየት ቀድማ ላለመተኮስ ለዓለም ሕዝብ ቃል ገብታለች።»

«ሁለተኛ ሆና ግን ትተኩሳለች።»

«ለመከላከያ ነው! ቅዱስ ጊዮርጊስስ ጦር ይዞ አይደል የሚስሉት?»

«ሁለት ዓይን የምሰጠው ለጊዮርጊስ ነው፤ ለጦሩ ዓይን ሰጥቼው አላውቅም። ደግሞም ጊዮርጊስ ደራጎኑን ወግቶ ልጅቱን አዳናት እንጂ ከተማውን ከነልጅቱ አላቃጠለም። ሂድና ይህን ንገራቸው።»

አረጋ ተነሣ፤ ግን አልሄደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አለቃ፣ እኔ ክርክር አልችልዎትም። ሐሙስ መኪና ይመጣል። ሥዕሉ እንደተባለው ከሆነ ደባሱን ለኪነት ቡድኑ ያስፈልጋል ብዬ ከዝርዝሩ አስወጣዋለሁ፤ ሥልጣኔ እስከዚያ ድረስ ነው። ካልሆነ ግን ይሄዳል» አለ። ማስፈራራት አልመሰለኝም። የሚለምን ሰው ነበር የሚመስለው።

እሱ እንደወጣ እመት ባንችይርጋ ከጓዳ ብቅ አሉ። ባላቸውን ዕድሜ ልካቸውን እርስዎ ሲሉ የኖሩ ሴት፣ «አንተ!» ብለው ሲጮኹ ካቡ ላይ ያለሁት እኔ እንኳ ደነገጥኩ። «ዓይን ምንድን ነው? ነጥብ አይደለም? አንዲት ነጥብ ለልጅህ ነፈግኸው? እኔ ያማጥኩትን አንተ በብሩሽ ትገድልብኛለህ?»

«ባንችይርጋ፣ የሐሰት ምስክር...»

«እኔ እመሰክራለሁ! እኔ ገሃነም እገባለሁ! አንተ ብቻ ሳል!»

እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ ስለት ለማርያም ተሳልኩ። ዓይኑን እንዲስሉት ነው የተሳልኩት፤ እውነቱን ብናገር ይሻላል። የሃያ ዓመት እጮኛዬን ከምቀብር ቦምብ ሁለት ቀርቶ አሥር ዓይን ቢኖረው ግድ አልነበረኝም።

ሳሉት። ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ፣ ሰው ሳያናግሩ ሳሉት። ችግሩ ደግሞ አለቃ መጥፎ አድርገው መሥራት አያውቁም። እጃቸው እምቢ አላቸው። የቀኙ ቦምብ ፊቱ ክብ፣ ቅንድቡ የተኳለ፣ ሁለት ዓይኖቹ ትልልቅና ርኅሩኅ ሆነው ወጡ፤ የገብርኤልን መልክ ሲስሉ የሚያወጡት ዓይን ነው። አረጋ አቡጀዲውን ጠቅልሎ ወሰደ፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደባሱ በእግሩ ቤቱ ገባ። እናቱ እልል አሉ። እኔ ካቡ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። አለቃ ልጃቸውን ስመው፣ ብሩሾቻቸውን አጥበው ተኙ።

ሰልፉ ቅዳሜ ገበያው ሜዳ ላይ ነበር። ገበያተኛውም ሰልፈኛውም አንድ ላይ ተደርጎ ሜዳው ጢም ብሏል። አቡጀዲው በሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተወጥሮ ቆሟል፤ ከሥሩ መፈክር የጻፉበት የጥቁር ቀለም ቆርቆሮ እንዳለ ተቀምጧል። ከደሴ የመጣው እንግዳ ወንበር ላይ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። አረጋ በድምፅ ማጉያ ስለ ሚሳይልና ስለ ኒውትሮን ይናገራል። ሕዝቡ ግን እሱን አይሰማም። ሥዕሉን እያየ ነው።

አስቡት እንግዲህ። ዛሬ የሰላም ቀን ነው ተብሏል። የሥዕሉ እጅ የአለቃ መሆኑን የማያውቅ የለም። በግራ በኩል ሕፃን የሚበላ ባለ አንድ ዓይን ሰይጣን አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ፊቱን ሙሉ ያዞረ፣ በሁለት ርኅሩኅ ዓይኖቹ የሚያይ አለ። ሰዉ ሰይጣንን የሚገሥጽ የሰላም መልአክ ነው ቢል ምን ይፈረድበታል?

መጀመሪያ የወጡት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ፣ አለቃን ገና ዲያቆን ሳሉ የሚያውቋቸው አሮጊት መነኩሲት ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው በሰልፉ መሐል አለፉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሰገዱ። ከዚያ ከቀኙ ቦምብ ግርጌ የአቡጀዲውን ጫፍ ሳሙት። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች ተከተሉ። እልልታ ቀለጠ። ከደሴ የመጣው እንግዳ እልልታው ለንግግሩ መስሎት ለአረጋ ራሱን ነቀነቀለት።

አለቃ ከሽማግሌዎቹ ጋር በስተቀኝ ቆመው ነበር። ፊታቸውን አየሁት፤ አመድ ሆኗል። ገና ግን አልተንቀሳቀሱም። ደባሱ አጠገባቸው ቆሟል፤ እጁን ይዘውታል።

ከዚያ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት የታመመ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። ልጁ አንገቱን መያዝ አቅቶታል። አቅፋ ወደ ሥዕሉ ወሰደችውና ግንባሩን አቡጀዲው ላይ አሸችው። «አንተ ማርልኝ፣ አንተ ዳስስልኝ» ስትል እኔ ካለሁበት ይሰማ ነበር።

አለቃ የደባሱን እጅ ለቀቁ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ሮጡ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሮጡ። ልጁን ከሥዕሉ ላይ አንሥተው እናቱን መልሰው አስታቀፏት። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩ፤ ብሩሽ የለም። ይሄኔ እመት ባንችይርጋ ከሴቶቹ መሐል ወጡ። እኚያው «አንተ» ያሉት ሴት። ልጃቸውን አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩት፣ ነገ ተመልሶ መጋዘን ሊገባ እንደሚችል ያውቃሉ። የቀለሙን ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው አነሡና ለባላቸው አቀበሉ።

አለቃ እጃቸውን እስከ አንጓው ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። በመዳፋቸው የቀኙን ቦምብ ግማሽ ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ደፈኑት። አንዱ ዓይን ጠፋ። የቀረው ግማሽ ላይ በጣታቸው ጥርስ ሠሩለት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ይህ መልአክ አይደለም! ሁለቱም አንድ ናቸው! የሚስማቸው ከኔ ጋር አይደለም!» ብለው ጮኹ።

እንግዳው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጓድ አረጋ፣ ምንድን ነው ይህ?»

አረጋን አየሁት። ለአንድ አፍታ የሚሞት መሰለኝ። አለቃን አየ፣ ደባሱን አየ፣ ሥዕሉን አየ። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። «የፕሮግራሙ አካል ነው ጓድ! ማንኛውም የኒውክሌር መሣሪያ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከምድር ገጽ ይጥፋ የሚለውን የሰፊውን ሕዝብ አቋም የሕዝቡ ሠዓሊ በተግባር እያሳየ ነው!» ብሎ ግራ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ይውደም!»

«ይውደም!» አለ ሕዝቡ። ያን ያህል ከልቡ ይውደም ያለበትን ሌላ ሰልፍ አላውቅም። እንግዳው ትንሽ አሰበ። የማንም ይሁን የማን ይጥፋ መባሉን ይቃወም እንዳይባል ይሁን ወይ ወዶት፣ አላውቅም፣ አጨበጨበ። እሱ ካጨበጨበ ማን ይቀራል?

ሰልፉ ሲበተን አረጋ አለቃ ዘንድ መጣ። «ያስገድሉኝ ነበር እኮ!» አለ።

አለቃ ጥቁር እጃቸውን ወደ ታች እንዳንጠለጠሉ፣ «ልጄንስ ትወስደዋለህ?» አሉት።

«የፕሮግራሙ አካል ነው ካልኩ በኋላ ምን ብዬ ነው የምወስደው?» አለና ሄደ። እውነትም አልወሰደውም። ለዳግማይ ትንሣኤ ተጋባን፤ አረጋም ሠርጋችን ላይ መጥቶ በላ። አለቃም ከዚያ በኋላ ድሮ የነበሩት አለቃ ናቸው፤ በየገጠሩ ሳሉ፣ በየግብዣው ተከራከሩ፣ ያሸነፉበትንም ያላሸነፉበትንም አሸነፍኩ አሉ።

አንድ ቀን ግን አለ። በሰልፉ ማግስት እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ወደ አለቃ ግቢ ገቡ። እንዲቀመጡ ቢለመኑ እምቢ አሉ። ደባሱ ውሃ አመጣላቸው፤ ሳይጠጡት አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተፉት።

«ልጄ ወልደ ሩፋኤል፣ ትናንት ምንድን ነው ያሳሳምከኝ?» አሉ።

አለቃ ነገሩን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። የጃፓኑን ከተማ፣ ጥላው የቀረውን ሰው፣ እንዲህ ያለ አንድ ቢወድቅ ከዚህ እስከ ሙጃ የሚተርፍ እንደማይኖር ነገሯቸው።

«ታዲያ ይህን እያወቅህ ምን አይተህ ነው ሁለት ዓይን የሰጠኸው?»

አለቃ በእንስራው አጠገብ ወደ ቆመው ደባሱ ጠቆሙ። «እሱን አይቼ ነው እማሆይ። ሊወስዱብኝ ነበር።»

እማሆይ ደባሱን እስኪበቃቸው አዩት። የተቆጣው ፊታቸው ላላ። እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ዳሰሱት።

«እነዚያ የሠሩትስ ሰዎች» አሉ፣ «ልጆች የሏቸውም?»

«አሏቸው እንጂ።»

«እንግዲያ እነሱም ልጆቻቸውን አይተው ይሆናል ለቦምባቸው ሁለት ዓይን የሰጡት» አሉ እማሆይ።

አለቃ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ካቡ ላይ ሆኜ መልሳቸውን ጠበቅሁ፤ እመት ባንችይርጋም ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁ። አለቃ ግን ጥቁሩ ገና ያልለቀቀውን መዳፋቸውን ገልብጠው ማየት ጀመሩ።